ትሬለር ላይ የወጣህ ቀን

ለልጄ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እጅህ፣ እግርህ፣ ያ ብርድ ሲነካው የሚያፍንህ ደረትህ እንዴት ነው? በደንብ ትበላለህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? ጫማህ ውሃ አያስገባም? ይህን ሁሉ እናትህ ስድስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ በስልክ ስትጠይቅህ እኔ ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጬ እሰማ ነበር፤ መልስህንም ከእሷ አፍ እቀበል ነበር። አሁን ራሴ እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ይንቋቋል፣ ግራ ዓይኔ የብየዳ ብርሃን ስለጠገበ ያለምክንያት ያነባል፣ ሌላው እንደተውከው ነው። የቀረውን የቤት ሰው ነገር በተራው እጽፋለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ይህን ደብዳቤ ከላይ ጀምረህ ወደ ታች አንብበው። መሃሉን ገልጠህ፣ መጨረሻውን ቀምሰህ፣ እንደገና ወደ ላይ አትመለስ። እንደዚያ ማየት የእናንተ ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኛም እዚህ ቤት ለምደነው ነበር። እኔ የጻፍኩት በሆነበት ተራ ነው። ወረቀቱ አራት ነው፣ ቁጥር ጽፌበታለሁ። እኅትህ እንዳልጽፍልህ ለምናኛለች፤ «አባዬ፣ የያዘውን ሥራ እስኪጨርስ ተወው» ብላለች። ስድስት ዓመት ተውኩህ፤ ይበቃል።

የሄድክ ዕለት የተባባልነውን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ግን ተራው ስለሆነ እጽፈዋለሁ። «ብየዳ አልማርም፤ እኔ የምሠራው ፊልም ላይ ነው» አልከኝ። እኔም እጄን የግቢው በር መቃን ላይ አድርጌ፣ «ከሄድክ በዚህ በር ተመልሰህ አትገባም» አልኩህ። እናትህ ሰምታለች፣ ጎረቤት ሰምቷል። በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ቃሉንም የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ አልተነቃነቁም። ጋራዥ ውስጥ «ጋሽ ውሃ ልክ» የሚሉኝ ለሙገሳ እንዳልሆነ ይገባኛል። እኔ ግን እንደ ሙገሳ ነው የተቀበልኩት።

ባለፈው ዓመት የእናትህ ልብ መድከም ጀመረ። እግሯ ያብጥ ጀመር፤ ከጓዳ እስከ ሳሎን ለመምጣት ሁለቴ ታርፋለች። ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈላትና ለእኔ ለብቻዬ፣ «ልቧ እንደ ድሮው አይሆንም፤ የምትወደው ሰው ካለ ቶሎ ይምጣላት» አለኝ። ይህን ለእኅትህ ነገርኳት፣ እኅትህም ለአንተ ነግራሃለች። አንተ «ይህችን ሥራ ልጨርስና» አልክ። አልጋዋን ሳሎን መስኮቱ ሥር አመጣንላት። ከዚያ ጀምሮ ጉዳይዋ አንድ ብቻ ነበር፤ አንተን በዓይኗ ማየት።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ደውለህ «እማዬ፣ ትሬለር ላይ ወጣሁ» ያልካት። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ጠራችኝ። «ልጄ ትሬለር ላይ ወጥቷል፤ ይወድቅብኛል» አለችኝ። ትሬለር እኛ ቤት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አርባ ሁለት ዓመት የበየድኩት፣ ከከባድ መኪና ኋላ የሚጎተተው ተሳቢ። እሷ የጭነት አናት ላይ ተንጠልጥለህ ታየሃት። እኔ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ልጁ ልብ ገዛ፣ ፊልሙን ተወ፣ ወደ ሙያው ተመለሰ፤ ከታች ከጫኝና አውራጅ መጀመሩም ደግ ነው አልኩ። «አይወድቅም፤ የጎን ብረቱን እንዴት እንደሚይዝ አስተምሬዋለሁ» አልኳት።

በማግስቱ ጋራዥ ገብቼ ነገርኳቸው። ለሁሉም ሻይ አስመጣሁ። ያ ጎሚስታ፣ ጎማ ሲጠግን አፉ የማያርፈው፣ «ጋሽ ውሃ ልክ ሻይ ጋበዘ! ዛሬ አንድ ነገር ተዛንፏል» አለ፤ ሻይ ደገምኩለት፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ቀን ከቃሌ ጋር ስከራከር ዋልኩ። በሩን እንዴት ብዬ ልክፈትለት እያልኩ አንዱን የተሳቢ ጎን ሁለት ጊዜ አጣምሜ በይጄ ሁለት ጊዜ ቆረጥኩት። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ለአንተ ግን እጽፈዋለሁ፣ ምን ያህል ቀርበህ እንደነበር እንድታውቅ።

በሦስተኛው ቀን የእኅትህ ባል፣ ሾፌሩ፣ መኪናውን ይዞ ጋራዥ መጣና ስልኩን አወጣ። «አባባ፣ የልጁን ትሬለር አዩት?» አለና እሰው ሁሉ ፊት ከፈተው። ጥቁር ሆነ፣ ወፍራም ድምፅ ተናገረ፣ በር ተከፈተ፣ ሴት ሮጠች፣ አንዱ ሌላውን በጥፊ መታ። ከዚያ አንተ። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሰህ፣ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዘህ በር ላይ ትቆማለህ፣ ትዞራለህ፣ «እኔ አላየሁም» ትላለህ፣ አንድ ብርጭቆ ይወድቃል። ሦስት ሰከንድ። ለካ የፊልም ማስታወቂያንም ትሬለር ይሉታል። ጎሚስታው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀረበና፣ «ጋሼ፣ ይሄኛው ትሬለር ስንት ጎማ ነው?» አለኝ። ሳቃቸው እስከ ዋናው መንገድ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወር ሙሉ፣ የማልፍበት ቦታ ሁሉ፣ «የልጅዎ ትሬለር ጎማ ሲፈነዳ እኔ ጋ ይላኩት፣ አላስከፍለውም» ነበር ነገሩ። ቃሌን ያን ቀን እንደገና አጠበቅሁት።

እናትህ ግን አልሳቀችም፣ አላፈረችም። እኅትህ ስልኳን ተወችላት፤ እሷም ያንን ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ቀኑን ሙሉ ታየው ጀመር። አንተ የምትመጣው ኀምሳ አንደኛዋ ሰከንድ ላይ ነው። ኀምሳኛዋ ላይ ትንፋሿን ትይዛለች። «እኔ አላየሁም» ስትል፣ «እኔ ግን አየሁህ» ብላ ትመልስልሃለች። እንዲህ ስታደርግ ሰምቼ ወጣሁ፤ መልሼም ገባሁ።

ታዲያ ያ ስልክ የአንተን ሲጨርስ ዝም አይልም፤ የሌላ ፊልም ትሬለር ያመጣል፣ ከዚያ የሌላ። መዝጋቱን ስለማታውቅበት ታየዋለች፤ እኔም መዝጋቱን እያወቅሁበት አጠገቧ ተቀመጥኩ። እውነቱን እጽፋለሁ፤ ያዘኝ። ከጋራዥ ስመለስ እጄን ታጥቤ እቀመጥ ነበር፣ ሁለት ሰዓት እንደዘበት ይሄዳል። ፊደል የቆጠርኩት ከመኪና ሰሌዳና ከዘይት በርሜል ላይ ነው፣ ማንም አላስተማረኝም፤ ይህንንም እንደዚያው ደብተር ይዤ ተማርኩት። ሁሉም የሚሠሩት በአንድ ልክ ነው። መጀመሪያ ሰላም ነው፣ ሰው ይስቃል። ከዚያ አንድ ነገር ይሰበራል። ከዚያ ሁሉም ይሮጣል። ሊያልቅ ሲል ሙዚቃው ድንገት ይቆማል፣ ሁለት ሰከንድ ጭጭ፤ በሰዓት ለክቼዋለሁ። ከዚያ አንድ ቃል፣ አንድ ዱብ፣ ከዚያ ፊልሙ የሚወጣበት ቀን ይጻፋል። ሳቁ ከአንድ ቀን፣ እንባው ከሌላ ቀን ነው የመጣው፣ ግን ገጣጥመው ሲበይዱት መገናኛው አይታይም። በያጁ ሙያተኛ ነው፤ ይህን መካድ አልችልም።

ለምን እንደሚይዝ ያወቅሁት ግን ከእናትህ ነው። እኅትህ አንዱን ፊልም ሙሉውን አመጣችላት፤ እናትህ ግማሹ ላይ ተኛች። ሾፌሩ የሌላውን መጨረሻ ሲነግራት፣ ያ ፈረስ ላይ የሚጋልበው ልጅ ይሞታል ሲላት፣ ተቆጣች። «ማን ጠየቀህ? እዚህ ላይ በሕይወት አለ» ብላ ስልኩን አሳየችው። ነገሩ ይኸው ነው። እዚያ ውስጥ ሁሉም ሊሆን ነው፣ ምንም አልሆነም። ሊገናኙ ነው፣ ሊደርስ ነው፣ በሩ ሊከፈት ነው። ዕዳው የማይጠየቅ ተስፋ ነው። እንደ ተሳቢም ነው፤ ሞተር የለውም፣ የሚሄድ ይመስላል እንጂ የሚሄደው የሚጎትተው ነው። አንዱ ላይ አባትና ልጅ በረዶ መሃል ይፈላለጋሉ፤ ሊተያዩ ሲሉ ያልቃል። እሱን አሥራ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሾፌሩ ፊልሙን ላምጣልዎት ሲለኝ አታምጣ አልኩት።

ከዚያ የአንተ ፊልም እሁድ ከሰዓት በቴሌቪዥን ጀመረ፤ አሥራ ሁለት ክፍል። የመጀመሪያው እሁድ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ወንበር አነሰ። እናትህ እኅትህን ጠርታ ጸጉሯን አስበጠረች፣ ነጠላ ለበሰች፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ቀና ብላ ተቀመጠች። አልመጣህም። በስልክ «አራተኛው ላይ ነኝ» አልካት። በአራተኛው አልመጣህም፤ «ሰባተኛው ላይ» አልካት። በሰባተኛው ጎረቤቱ ቀረ፤ ወንበሮቹን እኔ መለስኩ። «መጨረሻው ላይ ነው ያስቀመጡኝ፣ ትልቁ ነገር ላይ» አልካት። በየእሁዱ ጸጉሯን አስበጠረች። ጸጉሯም እየሳሳ ነበር፤ እኅትህ ከማበጠሪያው ላይ ለቅማ በእጇ ስትደብቅ አይቻታለሁ።

አሥራ ሁለተኛው አለቀ። ስም መጻፍ ጀመረ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ የለህም። እናትህ ዞር ብላ፣ «ተኝቼ ነበር እንዴ?» አለች። እኅትህ ፈጠን ብላ፣ «አዎ እማዬ፣ ትንሽ ሸለብ አድርጎሽ ነበር፤ ያኔ መጣ» አለቻት። ሾፌሩም ወለሉን እያየ፣ «ኧረ አሳምሮ ነው የሠራው» አለ። እናትህ እኔን አየችኝ። ሌሎቹ ሊያስደስቷት ሲፈልጉ ሁልጊዜ ከዚያ በኋላ እኔን ታያለች፤ አርባ ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። እኔም፣ «አልተኛሽም። አልመጣም። ቆርጠው ጥለውታል» አልኳት።

እኅትህ ክንዴን ይዛ ጓዳ አስገባችኝና አለቀሰችብኝ፣ ጨካኝ አለችኝ። እዚያው እያለቀሰች አፏ አመለጣት። በሦስተኛው ሳምንት አንተው ደውለህ መቆረጥህን ነግረሃታል፤ «ለእማዬ እንዳትነግሪ» ብለሃታል። እንግዲህ ቁጠር። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ እሁድ ነው። ዘጠኝ እሁድ እያወቅህ ጸጉሯን አስበጥራ ስትጠብቅህ ተውካት። ብትነግራት ታለቅስ ነበር፣ ከዚያ «ና» ትልህ ነበር፣ ያኔ መምጣት ግድ ይሆንብህ ነበር። አንተ የፈራኸው ያንን ነው። እኔ በአንድ ቃል መታኋት፤ አንተ በዘጠኝ እሁድ። የእኔን አልክደውም፤ ቀኑ ተመልሶ ቢመጣ ያንኑ እላታለሁ። የአንተን ደግሞ አንተ ያዝ።

ሦስት ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ስልኩን አልጠየቀችም። በአራተኛው ቀን ሾርባ ይዤ ስገባ፣ ሳትዞር፣ «ቆርጠው ጣሉት አልክ። መጀመሪያ የቆረጠው ማነው?» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ልጄ ቢመጣ በየት በኩል ይግባ?» አለች። ነገሯ ስድብ አልነበረም፤ የምር መንገዱን ነበር የጠየቀችኝ። ሾርባው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

እኔ የተናገርኩትን አላጥፍም። አልችልበትም፤ ስለ ኩራት አይደለም፣ አንዴ ካጠፍኩ የትኛው ቃሌ እንደቆመ ራሴም አላውቅም። ስለዚህ ሜትሬን ይዤ ወጣሁና በስተጎን ያለውን፣ ወደ መተላለፊያው መንገድ የሚያየውን የላሜራ አጥር ለካሁ። ቆረጥኩት። መቃን አቆምኩ፣ ማጠፊያ በየድኩ፣ ሁለተኛ በር ሠራሁ። አምስት ቀን ፈጀብኝ። የመቁረጫው ጩኸት ያማታል ብዬ መስኮቱን ልዘጋ ስል፣ «ተወው ልስማው» አለች። ቀለሙን ስጠይቃት፣ «ያ ሸሚዝ» አለችኝ። ስልኩን ኀምሳ አንደኛዋ ሰከንድ ላይ አቁማ እንድትይዝልኝ አደረግሁ፤ ቀለም እየቀላቀልኩ በመስኮቱ አሳያታለሁ፣ «ይጠቁራል» ትላለች፣ እመለሳለሁ። በአራተኛው፣ «እሱ ነው» አለች። ማክሰኞ ከሰዓት ቀብቼ ጨረስኩ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ እናትህ ሞተች።

አሁን አነበብከው። ቁጭ በል፣ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ቀጥል።

ዛሬ ከቀበርናት ሃያ ስድስት ቀን ነው። አልተሠቃየችም ብለው ይነግሩህ ይሆናል፤ ተሠቃይታለች፣ ከንጋት እስከ ረፋድ ትንፋሽ ሲያጥራት እጇን ይዤ ነበር። ሬሳ የተሸከሙት ሰዎች በአሮጌው በር ሊያወጧት ሲሉ ከበሩ ጎን ያለው የውሃ ታንከር መዞሪያ ነሳቸው፣ በአዲሱ ቀጥታ ወጡ። ጎሚስታው ከፊት ነበር። እጅጌው በሩን ነክቶ ሰማያዊ ሆነ፣ እስካሁን ያንኑ ልብስ ለብሶ ነው የሚሠራው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ትሬለር አንድ ነገር ተናግሮ አያውቅም።

አሁን፣ «ባለፈው ሳምንት እኮ እማዬ እጇን አውለብልባልኛለች፣ ስቃልኛለች» እንደምትል አውቃለሁ። እሱንም ልንገርህ። ቅዳሜ ጠዋት ጓዳ ተቀምጬ ከሳሎን ድምጿ ተሰማኝ። «ና» አለች። ተነሣሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በእጄ አፈር የመለስኩባት ሰውዬ፣ ተነሥቼ ሮጥኩ። እኅትህ የባሏን ስልክ ይዛ ተቀምጣለች። የእናትህን የድሮ ቪዲዮዎች ቆራርጣ ትገጣጥምልሃለች፣ ሙዚቃም አድርጋበታለች፤ ያንን ነው በየሳምንቱ የምትልክልህ። አዲስ ሥራ ይዘሃል አሉ፤ አሁን ስምህ የሚጻፍበት፤ እስክትጨርስ ሁለት ወር ይቀርሃል አሉ። እኅትህ እስከዚያ ሞቷን የደበቀችህ አዝናልህ ነው። እኔ ግን ይህን ዕቃ አውቀዋለሁ፣ ደብተሬ ላይ አለ። ሳቋ የአምና ነው፣ ጎረቤት ስትወድቅ አይታ ነው የሳቀችው። እጇን ያወዛወዘችው ዝንብ ስታባርር ነው። «ና» ያለችው አንተን አይደለም፤ ሾፌሩን ትራሷን እንዲያቃናላት ስትጠራው ነው። የምታየው የእናትህን ትሬለር ነው። ፊልሙ አልቋል።

አላጽናናህም። ሊያጽናናህ የሚችል ሰው በዚያ ግድግዳ በኩል ነበር፣ አሁን የለም። ና ብዬም አልለምንህም። እሷ ለስድስት ዓመት ለምናሃለች፤ ከእሷ የተሻለ ልመና እኔ አላውቅም። አልጋዋ እዚያው መስኮቱ ሥር ነው። ስልኩ ኀምሳ አንደኛዋ ሰከንድ ላይ እንደቆመ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እኅትህ ልትከፍተው ስትል ከለከልኳት።

እኅትህ ደህና ናት፤ ይህን መጻፌን ስታውቅ እንደማትስቅልኝ ዐውቃለሁ፣ አንተ ግን አትቀየማት፣ እናቷን በእጇ አጥባ የገነዘች እሷ ናት። ሾፌሩ ሰላም ይልሃል፤ ደብዳቤውን ፖስታ ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው፣ ምን እንዳለበት አልነገርኩትም። ጎሚስታው ሰላም በልልኝ ብሏል፣ ሌላ ነገር አልጨመረም። ከእናትህ የምልክልህ ሰላምታ የለኝም።

አሮጌው በር እንደተዘጋ ነው፤ እሱ ላይ ያልኩትን ሰምተሃል። ለሰማያዊው በር መቀርቀሪያ አላበጀሁለትም። በዚያኛው በር ላይ የተናገርኩት ቃል የለም።

አባትህ

ከቤት፣ መስኮቱ ሥር
ወር በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት